ወንበሩ ላይ የቀረው ሽርጥ

በጫማ ፋብሪካው የማጣበቂያ ክፍል በስሟ የሚጠራት የለም። ታላላቆቿ ሳይቀሩ «እታለም» ይሏታል። ሥራዋ ሶል መለጠፍ ነው። ብሩሹን ከያዘች ወሬ አትወድም፤ ምናልባት ወሬውን ሁሉ ከጎኗ የሚቀመጠው ሰውዬ ስለሚጨርሰው ይሆናል። እሱን «ሬዲዮ» ነው የሚሉት።

አንድ ቀን ሶሉን ጫማው ላይ የሚጫነው ማሽን የቀኝ እጇን ሁለት ጣቶች ያዘ። ጄሶው ሲፈታ ጣቶቹ አልታጠፍ አሉ። ሐኪሙ ማክሰኞና ሐሙስ ጠዋት እየመጣች እጇን እንድታሠራ አዘዘ። ፋብሪካው ሥራ ላይ ለተጎዳ ሰው፣ ሕክምናው እስኪያልቅ ድረስ፣ ሐኪም ቤት የዋለበትን ሰዓት እንደ ሥራ ቆጥሮ ይከፍላል። ለክፍሉ ኃላፊ ነገረችው። ከስልኩ ቀና ሳይል «ሂጂ፣ ሂጂ» አላት። ሽርጧን በሩ አጠገብ ካለው ሚስማር ላይ ሰቅላ ሄደች።

በዚያ ክፍል አንድ ልማድ አለ። ሰው ወጣ ሲል ሽርጡ ወንበሩ ላይ ይንጠለጠላል፤ እስኪመለስም ጎረቤቱ የእሱን ድርሻ ጭምር ይለጥፋል። ኃላፊው ጠዋት ጠዋት በመስታወቱ በኩል አየት ያደርግና ሽርጥ ያለበትን ወንበር ሁሉ ሰው አለበት ብሎ ያልፋል። ማን እንደጀመረው የሚያውቅ የለም።

ከጥቂት ወራት በኋላ እታለም አስተዳደር ተጠራች። የአስተዳደሯ ሴትዮ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ነበር።

«እህቴ፣ አንድም ጠዋት ቀርተሽ አታውቂም።»

«ማክሰኞና ሐሙስ እኮ ሐኪም ቤት ነኝ።»

«ኃላፊሽ ሥራ ላይ ነሽ ነው የሚለው። ሁልጊዜ ሥራ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ድኗል። ከሚቀጥለው ሳምንት ጀምሮ ከሄድሽ ከደመወዝሽ ይቀነሳል።»

የቤት ኪራዩ የሚከፈለው በዚያ ደመወዝ ነው። ቤቷ ስትገባ ልጇ የሹራቧን ቁልፎች እየፈታችላት «ታዲያ ሕክምናውን ልትተዪው ነው?» አለቻት። ጠዋት የምትቆልፍላትም እሷ ናት። እታለም ጣቶቿን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ አየቻቸው።

በማግስቱ ሬዲዮን ጠየቀችው።

«ሽርጤን ከሚስማሩ ማነው የሚያወርደው?»

«እኔ ነኛ። እንዳይቆርጡብሽ ብዬ።»

«የሚከፈልበት ሰዓት ነበር እኮ። አሁን ድነሻል ተባልኩ።»

«እንደኔ ያለ ሐኪም ከየት ይገኛል» ብሎ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። እሱም ብሩሹን አስቀመጠ። «አደራሽን እታለም፣ ስሜን እንዳታነሺ። ማስጠንቀቂያ አለብኝ፤ አንድ ከጨመሩበት ከበር ውጪ ነኝ።»

ስሙን ለማንም አላነሳችም። ማክሰኞ ጠዋት ግን ሽርጧን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ሐኪም ቤት ሄደች። የላስቲክ ኳስ የምታስጨብጣት ባለሙያ «ምንድነው ማስቲሽ ማስቲሽ የሚሸተው?» ስትላት «ሥራዬ ነው» አለች።

ኃላፊው በመስታወቱ ሲያይ አንዱ ወንበር ባዶ ሆነበት። ወደ ክፍሉ ገባ።

«እቺ ሴትዮ የት ሄደች?»

ሬዲዮ ግራ ቀኙን አየ። ሁሉም ብሩሻቸው ላይ አቀርቅረዋል።

«ሐኪም ቤት» አለ። «ያለፈው ሐሙስም እዚያው ነበረች። ከዚያ በፊትም። ሽርጧን ወንበሩ ላይ የምሰቅለው እኔ ነኝ።»

ኃላፊው ወንበሩን ትክ ብሎ አየው። ሬዲዮን ቢከስ እሱስ ምን ሲቆጥር እንደከረመ መጠየቁ አይቀርም። ወደ ቢሮው ተመልሶ አስተዳደር ደወለ። «የእታለምን ጠዋቶች በስህተት የሞላሁት እኔ ነኝ፤ ሕክምና ላይ ነበረች ብላችሁ አስተካክሉት» አለ።

ሰዓቱ አሁንም ይከፈላታል። አንደኛው ጣት መታጠፍ ጀምሯል፤ ትንሿ ጣት ገና ናት። ኃላፊው በየጠዋቱ ክፍሉ ድረስ ገብቶ የእያንዳንዱን ፊት እያየ ይቆጥራል። ሬዲዮ ይህ አልጣመውም። «ባንቺ ጣት የተነሳ ሽንት ቤት መሄድ ቀረ» ይላታል። እሷ ሶሏን ትለጥፋለች።

ልጇ አሁን የምትቆልፍላት የላይኛውን ቁልፍ ብቻ ነው።