ወንጪ ተራራ ላይ የተከልነው የእድር ድንኳን

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ ከመሥሪያ ቤት ጓደኞቿ ጋር ለካምፒንግ ልሄድ ነው ብላ፣ ዓለም ባንክ ሰፈር ባለው ግቢያችን ውስጥ ለሙከራ ድንኳን ዘረጋች። ከትንሽ ቦርሳ ወጥቶ በቅጽበት የሚቆም ብርቱካንማ ነገር ነው።

«አንሺው» አልኳት። «ግቢ ውስጥ ድንኳን ያየ ጎረቤት ምን ይላል?»

«አባዬ ደግሞ! ይሄን አይቶ ለቅሶ የሚመጣ ሰው አለ?» ብላ ሳቀች።

እኔ አልሳቅኩም። የሚመጣ ሰው እንዳለ አውቃለሁ።

ልጆቼን በጥብቅ ሥርዓት ነው ያሳደግኩት። ሽርሽር የሚባለውን ነገርም ብዙ አልወድም፤ ጊዜ የሚባክንበት ይመስለኛል። ሐቁን ልናገር ካልኩ ግን፣ ከወጣትነቴ ቀናት ሁሉ ዛሬም ዓይኔን ስጨፍን ቀድሞ የሚመጣልኝ የአንድ ሽርሽር ቀን ነው።

ያኔ የምንኖረው ኮልፌ 18 ማዞሪያ አካባቢ ነበር። የልጅነት ጓደኛዬ የሙሉጌታ ታናሽ ወንድም በዚያ ክረምት ለሥራ ቆላ ወርዶ በወባ ሞተ። እዚያው ተቀበረ፤ መርዶው የደረሰው ከቀብሩ በኋላ ነው። አባታቸው ቀድመው ስላረፉ ለቤቱ የቀረው ወንድ ሙሉጌታ ብቻ ነበር። የድንኳኑን ገመድ የወጠረው እሱ፣ አግዳሚ ወንበር የተሸከመው እሱ፣ ለእንግዳ ውሃ የቀዳው እሱ፣ እናቱን ደግፎ የያዘው እሱ። ለቅሶ ደራሹን ሲያስተናግድ፣ የራሱን ለቅሶ ሳያለቅስ ድንኳኑ ተነቀለ።

ከዚያ በኋላ ዝም አለ። ሥራ ይሄዳል፣ ይመለሳል፤ የቀረበለትን አንዴ ጎርሶ ይተወዋል። ልብሱ ሁሉ ሰፋው። አንድ ቀን እናቱ እማማ አስካለ ደጃፍ ላይ አስቆሙኝ።

«ልጄ፣ አንዱን አፈር በላብኝ፤ ይሄኛው ደግሞ ቆሞ እያለ እየሄደብኝ ነው። ወዴትም ይሁን ውሰዱና አየር አስቀይሩልኝ» አሉኝ።

ቶሎሳ የሚባል ሌላ ጓደኛ ነበረን፤ ኮልፌ ያደገ፣ የወላጆቹ አገር ወሊሶ የሆነ፣ የአጎቱን አሮጌ ፒክአፕ የሚነዳ፣ አፉ የማያርፍ ልጅ። «በአምቦ ወጥተን፣ የወንጪን ተራራ አቋርጠን፣ በወሊሶ እንመለስ። ጠጠር መንገድ ነው፤ ግን ሰማይ ቤት ድረስ ያወጣል» አለ። ማደሪያችንስ? በእኛ ሰፈር ድንኳን ያለው እድር ብቻ ነበር። የእድሩን ዳኛ አባባ ወልዴን ጠየቅናቸው። «ድንኳን ለሽርሽር ሲጠየቅ ገና ዛሬ ሰማሁ» አሉና ጥቂት አስበው፣ ትንሹን፣ ጥጉ የተጣፈውን አሮጌ ሸራ ሰጡን። «በሉ፣ ይሄም አንድ ቀን ለደስታ ይተከል።»

ወሩ ጥቅምት ነበር። በአስኮ በኩል ወጣን። ከሆለታ ወዲያ ጤፉ መንገዱን ግራና ቀኝ ይዞ በነፋሱ ይተኛል፣ ይነሳል። አምቦ ላይ አስፋልቱን ትተን ወደ ተራራው ታጠፍን። ከጎማው ሥር ጠጠሩ እንደሚቆላ ገብስ ይንጣጣል። አንዱን ኩርባ ስንጨርስ ያለፍነው መንገድ እንደተፈታ መቀነት ከታች ተጋድሞ ይታያል። ሁለት ተራራ ገለል ብሎ መንገድ የሚያሳልፍበትን ቦታ ሰዎች በር ይሉታል። አንዱን በር ባለፍን ቁጥር ሌላ ሸለቆ፣ ሌላ ብርሃን፣ ሌላ ሽታ ይቀበለናል፤ አንዴ የእርጥብ እንሰት፣ አንዴ የጭስ፣ አንዴ ምንም ሽታ የሌለው ብርድ ብቻ። ትምህርት ቤት ብዙ ስላልቆየሁ ዓለምን የማውቀው ከአሮጌ መጻሕፍት ነበር፤ ተራራን ግን እንደዚያ ያሳየኝ መጽሐፍ የለም። ዛሬ ልጆቼ መኪና ውስጥ ገብተው እስኪደርሱ ድረስ ስልክ ያያሉ። እኛ ስልክ ቢኖረንም ጥርሳችን እየተንገጫገጨ ምን እናይ ነበር!

«ሙሌ፣ ወደ ገደሉ አትይ!» ይላል ቶሎሳ። «ከፈራህ መሪውን ለአንተ ነው የምሰጥህ!»

ሙሉጌታ ፈገግ እንኳ አላለም። በመስኮቱ ያያል፤ የሚያየውን ግን እንጃ።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል፣ የወንጪን ሐይቅ ቁልቁል የሚያሳይ ሜዳ ላይ ቆምን። ጉሙ ግን ሐይቁን ከድኖት ነበር። ሙሉጌታ ሳንጠይቀው ገመዱን ያዘ፤ እንደለመደው ወጠረ፣ ችካሉን መታ። ሲጨርስ የተጣፈውን ጥግ ዳሰሰና ቆመ።

«ምነው?» አልኩት።

«እኛ ቤት የተተከለው ይሄ ነው» አለ።

ደነገጥኩ። በወንድሙ ለቅሶ ጊዜ ትልቁ ድንኳን ሌላ ሐዘን ቤት ስለነበር፣ እነሱ ግቢ የቆመው ይህ አሮጌ ሸራ ነበር። ማናችንም ልብ አላልንም።

«እንንቀለው?»

«ተወው። መሽቷል።»

በሶ በጥብጠን ጠጣንና ተኛን።

ጠዋት የፈረስ ኮቴ ሰምቼ ወጣሁ። ከጉሙ ውስጥ ሰዎች አንድ በአንድ ብቅ ይላሉ፤ ወንዶቹ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከፊት፣ ሴቶቹ ከኋላ። ምንም ሳይናገሩ ሣሩ ላይ ተቀመጡ። አንድ ሽማግሌ በኦሮምኛ ቀስ ብለው የሆነ ነገር አሉ። ቶሎሳ ፊቱ ተለዋወጠ።

«ምን አሉ?»

«ማታ ድንኳን አየን፤ መንገድ ላይ ሰው የሞተባችሁ መሰለን፤ በሰው አገር ብቻችሁን እንዳታለቅሱ መጣን ነው የሚሉት» አለኝ በሹክሹክታ። «አሁን ምን ልበላቸው? ሽርሽር ነን ልበል? በዱላ ነው የሚሸኙን!»

እኔ ያኔም ውሸት አልወድም ነበር። «እውነቱን ንገራቸው» አልኩት።

ቶሎሳ አፉን ሊከፍት ሲል ሙሉጌታ ብርድ ልብስ እንደለበሰ ከድንኳኑ ወጣ። ሁሉንም ሰምቷል። ወደ ሽማግሌው ቀረበ።

«ወንድሜ ነው በልልኝ» አለ። «ታናሽ ወንድሜ። ቆላ ነው የቀረው፤ እዚህ እንዳይፈልጉት። አልቀበርኩትም በላቸው።»

ቶሎሳ ሲያስተረጉም ድምፁ ተቆራረጠ። ሽማግሌው ተነሱ፤ ሙሉጌታን ትከሻውን ይዘው ከመካከላቸው አስቀመጡት። «ስሙ?» አሉት በአማርኛ።

«ዳዊት።»

ሴቶቹ ስሙን ተቀበሉ። አይተውት የማያውቁትን ዳዊትን፣ በእነሱ ቋንቋ፣ በእነሱ ዜማ አለቀሱለት። ሙሉጌታ መጀመሪያ ከባድ ሸክም እንደሚያወርድ ሰው ረጅም ትንፋሽ አወጣ። ከዚያ ጮኸ። አጠገቡ የነበረው የማናውቀው ሰውዬ አቅፎ ያዘው፤ እስኪበቃው ድረስም አልለቀቀውም። አንድም ሰው አይዞህ፣ በቃህ አላለውም።

ሲረጋጋ ሴቶቹ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቆጮና ትኩስ ድንች አወጡ። እርጎም በቅል አመጡ። ሙሉጌታ በላ። ድንቹን እየላጠ፣ ሚጥሚጣ እያስነካ፣ እንደ ድሮው በላ። ከዚያ ቀና ብሎ፣ «ቶሎሳ፣ ለካ አንተም ዝም ትላለህ!» አለ። ቶሎሳ እየሳቀ ፊቱን በእጅጌው ጠረገ። ጉሙ ተገፎ ሐይቁ ከታች አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ ሰዎቹ አንድ በአንድ ተሰናብተውን ሄዱ።

ሙሉጌታ ዛሬ የልጅ ልጅ አይቷል። እኔ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ለቅሶ ቤት ስገባ ቶሎ አልቀመጥም። መጀመሪያ እንግዳ ለማስተናገድ ማን እየሮጠ እንደሆነ አያለሁ። ሁልጊዜም አንድ አለ፤ ሁሉም «ጎበዝ ልጅ» እያለ የሚያመሰግነው፣ ማንም የማያጽናናው። ሰው ጠንካራ ሲመስል ጠንካራ ነው ብለን እንተወዋለን፤ ይህ ስንፍና ነው። በቅርቡ ሳንሱሲ አንድ ሐዘን ቤት ሄጄ የሟቹን ልጅ ጆግ ይዞ ውሃ ሲያዞር አገኘሁት። ጆጉን ከእጁ ወሰድኩ።

«ኧረ ጋሼ፣ እርስዎ ይቀመጡ!»

«አንተ ተቀመጥ። ውሃውን እኔ አዞራለሁ።»

ግራ እየገባው ተቀመጠ። እኔም ብርጭቆ እየሞላሁ ወደ ውስጥ አለፍኩ። ዞሬ አላየሁትም፤ የለቅሶ ድምፁን ግን ሰማሁት።