በአባቴ ካርታ ላይ የሳልኩት ወንዝ

ስህተት አይቼ ማለፍ አልችልም። በአርባ ምንጭ ላይኛው ሰፈር፣ ሴቻ፣ ከሚገኙት መሥሪያ ቤቶች በአንዱ ጸሐፊ ሳለሁ፣ አንዲት ፊደል ብትሳሳት ገጹን ቀድጄ እንደ አዲስ የማትም ሰው ነበርኩ። አለቃዬ ወረቀት ጨረሽብን እያለ ይነጫነጫል፤ እኔ ደግሞ እኮራበታለሁ። ይህ ጠባዬ ከአባቴ በቀር ማንንም አልጎዳም።

አባቴ የሰሜን ሰው ነው፤ በደርግ ጊዜ ሻለቃ ነበር። ሠራዊቱ ሲበተን ወደ እናቴ አገር አርባ ምንጭ ገባና ከከተማው ወጣ ብላ ባለችው ጫኖ ውስጥ የፍራፍሬ መጋዘን ጠባቂ ሆነ። እናቴ ስትሞት እሱም አብሯት የሄደ ያህል ዝም አለ። ምግብ ሲቀርብለት ሁለት ጉርሻ ይወስድና እጁን ይታጠባል። ስለ ጦርነቱ አይናገርም። አሥራ አንድ ሰዎቹ አንድ ኮረብታ አጠገብ በውሃ ጥም እንዳለቁበት የሰማሁት ከእናቴ ነው።

የቀረችለት ደስታ የእሑድ ጨዋታ ነበረች። ጎረቤታችን ከነበሩት ጡረተኛ የጂኦግራፊ መምህር ጋር ጠረጴዛ ላይ ካርታ ዘርግተው ይዋጋሉ። የቢራ ቆርኪ የአባቴ ጦር ነው፤ የለስላሳ ቆርኪ የመምህሩ። ዳይስ ይጥላሉ፣ ይጨቃጨቃሉ። አንዱን ሕግ ያወጣው አባቴ ነው፦ ሁለት ዙር ውሃ ያልነካ ቆርኪ ከጠረጴዛው ይነሳል።

"ሻለቃ፣ አርባ ምንጭ ተቀምጠን በውሃ ጥም እንሙት?" ይሉታል መምህሩ። አባቴ ሕጉን አይለውጥም።

ካርታዎቹን በእጁ ይስል ነበር። እጁ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ሥራው ወደ እኔ ዞረ። ጊዜው የዘጠናዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ቢሯችን ኮምፒዩተር ገብቶ ነበር፣ ከማሽኑም ጋር በነፃ የመጣ ፔይንት የሚባል መሳያ ነበረው። በምሳ ሰዓት አንድ ባለ ስድስት ጎን ቤት እስልና እሱኑ እየገለበጥኩ፣ እየደረደርኩ ስክሪኑን እንደ ማር እንጀራ እሞላዋለሁ። ከዚያ ጫካውን አረንጓዴ፣ መንገዱን ቀይ እቀባለሁ። አራት ገጽ አትሜ በፕላስተር አያይዛለሁ። መጀመሪያ የሠራሁት የራሳችንን ከተማ ነው። ጦርነቱ ግን አላማረም፤ ከታችኛው ሰፈር ከሲቀላ ተነስቶ ሴቻን ማጥቃት ከላይ ሆኖ ለሚጠብቅ ሰው ሠርግና ምላሽ ነው።

አንድ ቀን አባቴ ከጎኔ ተቀመጠና "ሌላ ካርታ ሥሪልኝ" አለኝ። በጣቱ ጠረጴዛው ላይ እየሳለ አሳየኝ። "እዚህ ኮረብታ ነው። እዚህ መንገድ። ከኮረብታው ሥር ወንዝ አለ።" የትኛው ቦታ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ሰዎቹ ወንዙ ጋ ሳይደርሱ የቀሩ መሰለኝ፤ ጠይቄ ላቆስለው አልፈለግሁም።

ወንዙን ሰማያዊ ቀባሁት። ሌላ ምን ልቀባው? እኔ የማውቀው ወንዝ ኩልፎ ነው፤ ክረምት ከበጋ ይፈሳል።

አባቴ ካርታውን ሲያይ መዳፉን ሰማያዊው ላይ አሳርፎ ብዙ ቆየ። ከዚያ አሥራ አንድ ቆርኪ ኮረብታው ላይ ደረደረ። በሌላው ካርታ አንድ ቆርኪ መቶ ሰው ነበር፤ በዚህኛው ግን አንዱ አንድ ሰው ሆነ። "ይሄ ሬዲዮኛው ነው" አለ። "ይሄ ወጥ ቤቱ። ይሄ በዚያ ዓመት ያገባው።" ሁሉንም ወደ ወንዙ አወረዳቸው። መምህሩ በጨዋታው አሸነፉት፤ በውሃ ጥም ከጠረጴዛው የተነሳ ቆርኪ ግን አልነበረም። ያን ቀን አባቴ የቀረበለትን ጨርሶ በላ፣ ጭማሪም ጠየቀ። እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። እንዲህ ሆኖ አምስት እሑድ አለፈ፤ አባቴን ያገኘሁት መሰለኝ።

በአምስተኛው እሑድ መምህሩን ስሸኛቸው በር ላይ ቆም አሉ። "እኔ በዚያ አገር አስተምሬያለሁ። ያ ወንዝ በበጋ አሸዋ ነው፤ ሰው መንገድ ያደርገዋል" አሉኝ።

አላስቻለኝም። በማግስቱ ፋይሉን ከፈትኩ፤ ቡናማ ቀለም መርጬ አንዴ ብጫን ወንዙ ከዳር እስከ ዳር ደረቀ። ትክክለኛ ካርታ ስሰጠው ደስ የሚለው መስሎኝ እኮ ነው! እሑድ፣ መምህሩ ሳይመጡ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁለት።

"ማን ነገረሽ?" አለ።

"መምህሩ። አረምኩት አባዬ።"

አሥራ አንዱን ቆርኪ ኮረብታው ላይ ደረደረ፣ ወደ ወንዙ አወረደ፣ ሁለት ዙር ጠበቀ። ከዚያ በሕጉ መሠረት አንድ በአንድ አነሳቸው። ሬዲዮኛው። ወጥ ቤቱ። ያገባው ልጅ። ዳይስ አልጣለም። መምህሩ በር ላይ ደርሰው ይህን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። "እንድታውቂው ነገርኩሽ እንጂ እንድታደርቂው መች አልኩሽ?" አሉኝ በሹክሹክታ።

ሰኞ ቢሮ ሳይከፈት በር ላይ ነበርኩ። ወንዙን መልሼ ሰማያዊ ቀባሁት፤ በምሳ ሰዓት እየሮጥኩ ቤት ደረስኩ። አባቴ አልጋው ላይ ተቀምጧል፤ ሥራም አልሄደም።

"አባዬ፣ ውሃውን መለስኩት። እንደ ድሮው አድርጌዋለሁ።"

ተቀብሎ አየውና ለእኔ እንዳዘነ በሚያስታውቅ ዓይን ቀና አለ።

"አንቺ ምን አጠፋሽ ልጄ" አለኝ። "ያኔ በእጄ የነበረው ካርታም ወንዙን ሰማያዊ አድርጎት ነበር። እሱን አምኜ ነው ውረዱ ያልኳቸው።"