አባ ተራ እና የጀሪካኖቹ ሰልፍ

እኔ ቁጡ ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው ሰው ሁሉ ስለሚያውቀው ነው። በሸማቾች ሱቃችን ዕቃ ቤት ሆኜ ስጮህ መንገድ ማዶ ያለው ፀጉር አስተካካይ ምላጩን ያስቀምጣል እያሉ ያሙኛል። ውሸት ነው፤ ቢበዛ ቀና ብሎ ቢያይ ነው። ይህን ሁሉ ዓመት አብረውኝ ሠርተው አንድ ቀን ያልተቆጡኝ ሰው ጋሼ ብቻ ናቸው። ሰፈሩ "አባ ተራ" ይላቸዋል። ሥራቸው በራችን ላይ በርጩማ አስቀምጠው የዘይት ሰልፍ ማስከበር ነው።

ሰልፍ ስላችሁ የሰው ሰልፍ እንዳይመስላችሁ። ዘይት የሚመጣበት ቀን ሲሰማ ሰዉ ማለዳ ጀሪካኑን ያመጣና ከግድግዳው ሥር ደርድሮ ወደ ሥራው ይሄዳል። ጀሪካኑ ባለቤቱን ተክቶ ይቆማል። ጋሼ ደግሞ ጀሪካኖቹን እንደ ሰው ያውቋቸዋል። ክዳኑ የተቃጠለው የልብስ ሰፊው ነው፤ ጎኑ የተጨረማመተው የፀጉር አስተካካዩ፤ አንገቷ ላይ ቀይ ክር የታሰረባት ደግሞ ሰፈሩ "ሲስተር" የሚላት የአዋላጇ። ጠዋት ሲመጡ "እንዴት አደራችሁ?" ይሏቸዋል፤ ጀሪካኖቹን እኮ ነው! አንዴ አንድ ሰውዬ አዲስ የሚያብረቀርቅ ጀሪካን መሀል ሰክቶ ሊሄድ ሲል፣ "ይሄን ልጅ አላውቀውም፤ ወላጁን ይዞ ይምጣ" ብለው ወደ ጭራው ወሰዱት። ሰዉ በሳቅ ሞተ። ሰውዬውም አፍሮ አብሮ ሳቀ።

የእኔ ሥራ ዘይቱ የት እንደደረሰ ማሳደድ ነው። ማከፋፈያው ጋ ስደውል መልሱ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ "መኪናው ወጥቷል።" ከየት ነው የወጣው? ደሜ ይፈላል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ የኛ መኪና ጎማ ተገጥሞለትም አይሄድ! ጋሼ ጮኼ እስክጨርስ ይጠብቁና "በይ አሁን እውነቱን ንገሪኝ" ይሉኛል። ከዚያ ወጥተው ለቆመው ሰው፣ "መኪናው ገና እየተጫነ ነው፤ ከምሳ በፊት አይመጣም። ሂዱ፣ ሥራችሁን ሥሩ፤ ጀሪካናችሁ እኔ ጋ ነው" ይላሉ። ሰው እስከ መቼ እንደሚጠብቅ ከነገሩት ይታገሳል፤ ሲዋሹት ነው የሚጣላው ይሉኝ ነበር። እኔ ይህን ለማከፋፈያው ብናገር ስልኩን ይዘጋብኛል።

ዓይናቸው መድከሙን ያወቅኩት በሻይ ነው። ከፔርሙስ ሲቀዱ ግማሹን ጠረጴዛው ላይ አፈሰሱት። ከዚያ ወዲህ ልብ ብዬ ሳይ፣ ካልተናገርኩ በቀር እኔንም አይለዩኝም።

"የዓይን ክሊኒክ ይሂዱ እንጂ!" ብዬ ጮህኩባቸው።

"የዚያን ሰልፍ ደግሞ ማን ያስከብርልኛል?" ብለው አሳቁኝ። ሳቄ ሳያልቅ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለማንም እንዳትነግሪ፣ ልጄ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ያለኝ ይሄ በር ነው። ቤት ከዋልኩ ከግድግዳ ጋር ምን አወራለሁ?"

አንጀቴን በሉት። ለማንም አልነገርኩም።

ይባስ ብሎ ከዋናው መሥሪያ ቤት አዲስ ተቆጣጣሪ ተመደበ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ ግን ቁርጡን ነገረን። በሚቀጥለው የዘይት ቀን መጥቶ ያያል። ሰልፉ ላይ ጭቅጭቅ ካገኘ ጥበቃው ለኤጀንሲ ይሰጣል፣ ቁጥር የሚሰጥ ማሽን ይተከላል፣ ጋሼም በክብር ይሸኛሉ። "በክብር" ሲል ጋሼ የበርጩማቸውን ጠርዝ ጨበጥ አደረጉት።

በዘይቱ ቀን አዋላጇ ከአዳር ሥራዋ ስትመለስ አንደኛ ሆና ጀሪካኗን አስቀመጠች። እስከ ረፋድ ግድግዳው ሥር ሞላ። ከዚያ ነፋስ ተነሳ። ወይ ጉድ! ባዶ ጀሪካን ሁሉ እየተንኳኳ መንገዱን ተያያዘው፤ ግማሹ ቁልቁል፣ ግማሹ ፀጉር ቤቱ በር ላይ። እኔ ቀሚሴን፣ ጋሼ ካፖርታቸውን ሰብስበን እየሮጥን ለቀምናቸው።

ጋሼ መልሰው ይደረድሩ ጀመር። ቅደም ተከተሉ በቃላቸው ነው፤ "ሲስተር፣ ከዚያ ልብስ ሰፊው፣ ከዚያ ዳቦ ጋጋሪዋ…" እጃቸው ግን እያንዳንዱን ጀሪካን ይዳብሳል፤ ክዳኑን፣ ጎኑን፣ እጀታውን። ያኔ ነው የዓይናቸው ነገር መድከም ብቻ አለመሆኑ የገባኝ።

"ቀይ ክር ያላት የቷ ናት?" አሉኝ።

"ክር ያላት የለችም፣ ጋሼ። ነፋሱ ሳይወስደው አይቀርም።"

"ትኖራለች፤ ፈልጊ እንጂ!" ሲሉ የመኪናው ጥሩምባ ተሰማ። ተቆጣጣሪውም ከኋላ ከኋላው ደረሰ። ጋሼ ደነገጡ። ጀሪካኖቹን በጥድፊያ እጃቸው እንዳገኘ ደረደሯቸው።

እኔ በርሜሎቹን ልረከብ ገባሁ። የባሰ አታምጣ! ማከፋፈያው ከጠየቅኩት ቀንሶ ነው የላከው።

ስወጣ ሰዉ ከየሥራው ጎርፎ መጥቷል። ጠዋት ጀሪካኑን ከሁሉ በኋላ ያስቀመጠው ፀጉር አስተካካይ አንደኛ ሆኗል። ልብስ ሰፊው መሀል ገብቷል። አዋላጇ ጀሪካኗን ፈልጋ ፈልጋ ከጭራው አገኘቻት። ይህቺ ሴት እንኳን ተራዋን ተነጥቃ፣ ዝናብ ሲመታት ሰማዩን የምትሳደብ ናት። እኔ ራሴ እፈራታለሁ። አፏን ከፈተች።

ተቆጣጣሪው እጁን አጣምሮ ቆሟል። ጋሼ ጎንበስ ብለው የፊተኛውን ጀሪካን በጣታቸው እየዳበሱ "የማን ነው ይሄ?" ይላሉ። አዋላጇ አየቻቸው። አፏን ዘጋች። ፀጉር አስተካካዩ ግራ ገብቶት ወደ እሷ ሲዞር፣ በአገጯ "ሂድ" አለችው።

"የኔ ነው፣ ጋሼ" ብሎ አስቀዳ።

የቀሩትም እንደዚያው ሆኑ። እኔ ሰፈሬን አውቀዋለሁ፤ ለአንዲት ሊትር ዘይት ወር የሚኳረፍ ሰፈር ነው። ያን ቀን ግን ሁሉም የደረሰውን ቦታ "ልክ ነው" እያለ ተቀበለ። እግዜር ያክብራቸው፣ እንደዚያ ቀን ወድጃቸው አላውቅም።

"እንዲህ ያለ ሰልፍ አይቼ አላውቅም። ጋሼ ይቀጥሉ" ብሎ ተቆጣጣሪው ሄደ። ዘይቱም አለቀ። ጭራው ላይ የነበሩት ባዷቸውን ተመለሱ፤ አዋላጇም።

በሩን ስንዘጋ "እሰይ፣ አለፈ!" አልኳቸው። ጋሼ ከበርጩማው አልተነሱም።

"ሲስተር ዘይት ደረሳት?"

"ደር…"

"እንዳትዋሺኝ። ስታልፍ ጀሪካኗ ጉልበቷን እየመታ ሲንኳኳ ሰምቻለሁ። ሙሉ ቢሆን አይንኳኳም ነበር።" ጀሪካኖቹ ወደ ቆሙበት ግድግዳ ዞሩ። "አንደኛ ነበረች እኮ። ተራዋን በላሁባት። ሁሉም እያወቁ ዝም አሉኝ፣ አይደል?"

እንባቸው መጣ። እኔም አለቀስኩ። ከዚያ ተነስተው ቀድሞ የተቀመጠላቸውን የሠራተኛ ድርሻ ዘይት በአንድ እጃቸው ያዙና ሌላውን ክንዳቸውን ሰጡኝ። "ምሪኝ" አሉ። እንዲህ ብለውኝ አያውቁም።

አዋላጇ በሯን እንደ ልማዷ በጩኸት ከፈተችው። "ምን ሆናችሁ?"

"ዘይትሽን ነው ያመጣሁት፣ ልጄ። ዓይኔ አያይም።"

"እሱንማ ከክረምት ጀምሮ እናውቃለን!" አለች። "ገና ከሩቅ ጮክ ብለን ስማችንን እየጠራን ሰላም የምንልዎት ለምን መሰልዎት?"

"እኔ ደግሞ ጆሮው ደክሟል ብላችሁ መስሎኝ እናደድ ነበር" አሉ ጋሼ።

ሦስታችንም ሳቅን። ዘይቱን ተቀብላ ግማሹን በራሷ ጀሪካን ገለበጠችና የቀረውን መለሰችላቸው። "ነገ ጠዋት የዓይን ክሊኒክ ይሄዳሉ። ቀሩ ብባል እመጣለሁ!"

"ሰልፉን አልችለውም።"

"እሱን ለኔ ይተዉት።"

በማግስቱ ይዣቸው ሄድኩ። ሰልፉ ከክሊኒኩ በር ጀምሮ አጥሩን ዞሯል። ጫጫታውን ሲሰሙ "አላልኩሽም? እንመለስ" አሉ። እኔ ግን አዋላጇ የትም ብትሆን ላገኛት እየጎተትኩ ወደ ፊት ወሰድኳቸው። ሰዉ ማጉረምረም ጀመረ፤ እኔም ለጠብ ተሰናዳሁ።

በሩ ሥር፣ ከሁሉም ፊት፣ አንዲት ጀሪካን ቆማለች።

"የእናንተ ናት እንዴ?" አለ ዘበኛው በእፎይታ። "አንዲት ሲስተር ገና ሳይነጋ አስቀምጣት 'የአንድ ሽማግሌ ተራ ናት፤ ብትነካት ወዮልህ' ብላኝ ወደ ሥራዋ ሄደች።"

ጋሼ ጎንበስ አሉ። ክዳኗን ዳበሱ፤ ከዚያ አንገቷን። አዲስ ቀይ ክር ለጣት እንዲመች ብዙ ጊዜ ተጠምጥሞ ወፍራም ሆኖ ተቋጥሯል።

"እንዴት አደርሽ?" አሏት። አንስተው አቀፏትና በቦታዋ ቆሙ።