አስማማው አሥራ ሦስት ዓመት የተወው መከላከያ

አስማማው የእንስሳት ሕክምና ረዳት ነበር። የጉና ገበሬዎች «ዶክተር» ይሉታል፤ እሱም ማረሙ ከሰለቸው ቆይቷል። በአዘቦት ቀን በበቅሎ ዳገቱን ወጥቶ በግ ሲከትብ ይውላል። ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ደብረ ታቦር በሠራተኞች ክበብ ቼዝ ይጫወታል። በሥራው ጥንቁቅና ዝምተኛ የሆነ ሰው፣ ገበታ ፊት ሲቀመጥ ግን ነገር ፈላጊ ነበር።

ጥቁሩ ሲደርሰው ገና በመጀመሪያው እርምጃ ፈረሱን ለብቻው ወደ ሜዳ ያወጣዋል። ነጩ ወታደር ገፍቶ ያባርረዋል። ፈረሱ ይሸሻል፤ ሌላ ወታደር ይከተለዋል፤ ደግሞ ይሸሻል። መጨረሻ ላይ ነጩ አራት ወታደሮች መሀል ሜዳ ላይ እንደ አጥር ገትሮ ይቆማል።

«ይግፋ ተወው» ይለን ነበር፣ ክበቡ ውስጥ አብረነው ለምንጫወተው። «ወታደር ወደ ኋላ አይመለስም። የገፋውን ሁሉ ሲጠብቅ ይኖራታል።»

ይህን የመከላከያ አጨዋወት በ1991 ዓ.ም. በድንገት ተወው። ለምን ብዬ ስጠይቀው «ፈርሷል» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እንደ ማንኛችንም ወታደር በወታደር ፊት እየገተረ ተጫወተ። አብዛኛውን ጊዜ አቻ ይወጣል። ሲያሸንፍ እንኳ ፊቱ አይፈታም። ሰው ራሱን የመሰለ ነገር ትቶ ሲኖር እንዲህ ነው፤ የጎደለው ነገር ባይታወቅም መጉደሉ ይታወቃል።

በ2004 ዓ.ም. ግንቦት ላይ፣ ጡረታ ሊወጣ አንድ ወር ሲቀረው፣ ለመንግሥት ሠራተኞች ውድድር ፍጻሜ ደረሰ። ተጋጣሚው ሙላቴ የሚባል ወጣት የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ የሚገፋ ወታደር ካገኘ የማያሳድር። ዕጣው ለአስማማው ጥቁሩን አወጣለት። ሐሙስ ከሥራ ሲወጣ ክበቡ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ።

«የጥንቱን ለመጨረሻ ጊዜ ልጫወተው አምሮኝ ነበር» አለኝ። «ግን አራቱ ወታደሮች ያፈርሱታል። እያወቅሁ ብጫወተው ራሴን መዋሸት ነው።»

«ማን አፈረሰው?»

«እኔው ነኛ። ከጉና ስወርድ፣ በቅሎ ላይ ሆኜ፣ በሐሳቤ።»

«በገበታ አይተኸዋል?»

«አንዴ ከታየኝ ወዲያ ምን ገበታ ያሻዋል? የሞተ ከብት ሁለት ጊዜ አይመረመርም።»

እኔ ግን ያልተመረመረ ሞት አላምንም። ገበታውን ዘርግቼ ነጩን ያዝሁ። ክበቡን የምታስተዳድረው ፈንታነሽ መጥታ ከጀርባው ቆመች። በእኛ ክበብ ተመልካች ዝም ይበል የሚል የለም፤ እንዲያውም ዝም ካለ ይታማል።

አስማማው የእሱንም የእኔንም እርምጃ እያዘዘ ጨዋታውን አስኬደው። አራቱ ወታደሮቼ ተገፉ፤ አንዱማ የእሱ ንጉሥ ደጃፍ ድረስ ዘለቀ። ንግሥቴም ወጣች። እዚህ ሲደርስ እጁን ከገበታው ላይ አነሣ።

«አበቃ። መዳኛዬ ይህ ፊል ነበር። እዚያ ጥግ ቢደርስ ንጉሥህን ቼክ ይልልኛል፤ ግን አይደርስም።»

«ለምን አይደርስም?» አለች ፈንታነሽ።

«አይደርስማ!»

«ጋሽ አስማማው፣ መንገዱ እኮ ክፍት ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ጉናን የሚወጡ የሚወርዱ ሰውዬ ሦስት ቤት ራቀዎት?»

አስማማው ገበታውን አየ፤ ቀና ብሎ እሷን አየ፤ መልሶ ገበታውን አየ። ፊሉን አንሥቶ ሰያፉን ይዞ ሦስት ቤት ወሰደው። ደረሰ።

ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። አስማማው ይፋግ ሲያድግ ከአጎቱ የተማረው የጥንቱን ሰንጠረዥ ነው። በሰንጠረዥ ፊል በሰያፍ አንድ ቤት ዘሎ ሁለተኛው ላይ ያርፋል፤ ከዚያ አያልፍም። የቼዙ ግን መንገዱ ክፍት እስከሆነ ድረስ ይሄዳል። ቼዝን የተማረው ጎልምሶ፣ ሥራ ከያዘ በኋላ ነው፤ እኛም መጫወቻውን በጥንት ስሙ «ፊል» እያልን ቀጠልን። ገበታ ፊት ሲቀመጥ ዓይኑ አዲሱን ሕግ ያከብራል። በቅሎ ላይ ሆኖ በሐሳቡ ሲጫወት ግን የወጣው የአጎቱ ፊል ነበር። እኔም በዕድሜዬ «አይሆንም» ብዬ የዘጋኋቸውን ስንቱን በሮች አሰብሁ፤ በየትኛው ሕግ ለክቼ እንደዘጋኋቸው አላውቅም።

«አሥራ ሦስት ዓመት» አለ አስማማው። የሚያለቅስ መሰለኝ። እሱ ግን ወንበሩን ወደ ገበታው ሳበ። «ቆይ፣ ቆይ። እሺ፣ ደረሰ እንበል። ያንተ ንጉሥ ምን ያደርጋል?»

ወታደር አስገብቼ ጋረድሁ። ያኔ ሌላው ፊሉ ከሩቅ መጥቶ ግንቤን በላ። ደስታው ግን አልቆየም፤ ደጃፉ የቆመው ወታደሬ የእሱንም ንጉሥ አላስቀምጥ አለው። ክበቡ እስኪዘጋ አገላበጥነው፤ መጨረሻውን አላገኘነውም።

«እንግዲህ አልፈረሰም» አልሁት።

«ቆሟልም አልተባለም» አለኝ። ፊቱ ግን የድሮው ነበር።

ቅዳሜ ዕለት ፈረሱን ለብቻው አወጣው። ሙላቴም ፈገግ ብሎ አራቱንም ወታደሮች ገፋ። ፊሉ ሦስቱን ቤት ሄዶ ቼክ ሲል ፈገግታው ጠፋ፤ ግማሽ ሰዓት ያህል አሰበ። ከዚያ በኋላ የሆነው ትርምስ ነው፤ የሁለቱም ንጉሥ ሜዳ ላይ ቀረ። በስተመጨረሻ የሙላቴ ንግሥት ቼክ ማለቷን ብታቆም ትሸነፋለች፤ ሳታቆምም አታሸንፍም። አቻ ወጡ። በቀደሙት ግጥሚያዎች ነጥብ ዋንጫው ለሙላቴ ሆነ።

ሁለተኛ ተብሎ የአስማማው ስም ሲጠራ፣ እሱ ከሙላቴ ጋር ገበታው ላይ አቀርቅሮ ነበርና አልሰማም።

«ጋሽዬ፣ ንግሥቴን ቀድሜ ባላወጣት ኖሮ ፈርሶ ነበር» ይለዋል ሙላቴ፣ ዋንጫውን ወንበር ሥር አስቀምጦ።

«የት አባቱ ይፈርሳል! ምን ልታወጣ ኖሯል? አሳየኝ እስቲ።»

«ይኸው፣ ፈረሱን።»

«እ... ፈረሱን።» አስማማው ጎንበስ አለ። «ይሄንንስ አላየሁትም።»

ስሙ ለሦስተኛ ጊዜ ተጠራ። ፈንታነሽ ሄዳ ሜዳልያውን ተቀበለችለት። አንገቱ ላይ ስታጠልቅለት ቀና አላለም፤ «ብርሃኑን ጋረድሽብኝ» አላት።