በሞዴል 19 የገባው ስልክ

ይህ የሆነው ሁላችንም በአንድ ለአምስት ተደራጅተን ስብሰባ በምንውልበት ዘመን፣ ቦንጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ባለሙያ ሳለሁ ነው። የንብረት ክፍል ኃላፊያችን ጋሽ ወልዴ ትዝ ባሉኝ ቁጥር ስለሚመጣብኝ ልጻፈው አልኩ።

ክረምት ነበር። ባለቤቴ ጅማ እናቷ ዘንድ እንዳለች ቀኗ ሳይደርስ ወለደች። መንገዱን ናዳ ዘግቶታል። የእኔ ስልክ ደግሞ ከማንኪራ ስመለስ ዝናብ ገብቶበት ሞቷል። በጋሽ ወልዴ ባለቁልፍ ስልክ ስደውል «ሴት ናት፣ ደህና ናት» ይሉኛል። አላመንኩም። የእኛ ሰው ሩቅ ላለ ሰው ክፉ ወሬ አይነግርም። አማቴ ድምፅዋን ለስለስ ባደረገች ቁጥር ልቤ ድንግጥ ይል ነበር። ልጄን በዓይኔ ካላየሁ አላርፍም አልኩ።

የባለቤቴ ወንድም ፎቶ መላክ የሚያውቀው በስልክ መላላኪያ ፕሮግራም ብቻ ነው፤ ኢሜይል አያውቅም። ከመሥሪያ ቤታችን ዘመናዊ ስልክ ያለው ዋናው ኃላፊ ብቻ ሲሆን፣ እሱም ለስብሰባ ደካ ሄዷል። ያን ጊዜ ኢሙሌተር ትዝ አለኝ፤ ኮምፒውተሩን እንደ ስልክ የሚያሠራ ፕሮግራም ነው። ጫንኩት። ሊከፈት ሲል መጨረሻው ላይ ቀጥ ይላል። ነቅዬ ብጭነው ያው ነው። እኔ ባለሙያ ተብዬው የስህተት መልእክቱን ረጋ ብዬ ያነበብኩት ከብዙ ንዴት በኋላ ነው፦ ቨርቹዋላይዜሽን ተዘግቷል። ኢሙሌተሩ ያለ እሱ አይነሳም፤ ለመክፈት ደግሞ ባዮስ የሚባለው የኮምፒውተሩ ውስጠኛ ማስተካከያ ውስጥ መግባት ያስፈልጋል። ባዮሱን ደግሞ ከእኔ በፊት የነበረው ባለሙያ በይለፍ ቃል ቆልፎት ሄዷል።

የቀረኝ መላ የኮምፒውተሩን ሳጥን ከፍቶ፣ ይለፍ ቃሉ እንዲጠፋ ትንሿን ባትሪ ማውጣት ነበር። ሳጥኑ ላይ ግን የጋሽ ወልዴ ማኅተም ተለጥፏል። ለአንድ ማውዝ እንኳ ደብዳቤ የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ልቀደው ስነሳ በሩ ላይ ቆመው አየኋቸው። ሁሉን ነገርኳቸው።

«የለጠፍኩትም እኔ ነኝ» አሉና ማኅተሙን በጥፍራቸው ላጡት።

ባትሪው ወጥቶ ሲመለስ ባዮሱ ያለ ምንም ጥያቄ አስገባኝ። ቨርቹዋላይዜሽኑን ከፈትኩ፣ ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁ፣ ስልኩ ስክሪኑ ላይ ቁልጭ አለ። የመላላኪያው ፕሮግራም ቁጥር ሲጠይቅ የጋሽ ወልዴን ሰጠሁት። የመጣላቸውን ኮድ እንደ ዕቃ ቁጥር አንድ በአንድ አነበቡልኝ። ፎቶው መጀመሪያ ብዥ ብሎ መጣ፣ ከዚያ እየጠራ ሄደ። ኮፍያዋ እስከ ቅንድቧ ወርዷል። አንድ ዓይኗን ከፍታ ታየኛለች። ሳልፈልግ አለቀስኩ። ጋሽ ወልዴ በአገሩ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ መረቋት።

ከዚያ መዝገባቸውን አመጡ። ስልክ መሥሪያ ቤቱ ከገባ ይመዘገባል አሉ። የሚጨበጥ ዕቃ አይደለም ብል ማን ሊሰማኝ፤ «ፎቶ አምጥቶ የለም እንዴ?» አሉኝ። የንብረት ገቢ ደረሰኙ ሞዴል 19 ተቆረጠ፦ ስልክ፣ ብዛት አንድ፣ ኮምፒውተር ውስጥ ያለ። እየሳቅኩ ፈረምኩ።

ከሦስት ዓመት በኋላ ወደ ጅማ ስዛወር ንብረት የለበትም የሚል ክሊራንስ ጠየቅኩ። ስልኩን መልስ ተባልኩ። ኮምፒውተሩ ከተጣለ ቆይቷል። ተናደድኩ፣ ለመንኩ፤ ጋሽ ወልዴ ንቅንቅ አላሉም። በመጨረሻ ልጅቷ የት ናት አሉኝ። ቤት ሄጄ እጇን ይዤ አመጣኋት። ከእግር እስከ ራሷ አዩዋት፣ ከረሜላ ሰጧት፣ ከዚያ መዝገቡን ገልጠው ከስልኩ አጠገብ ጻፉ፦

«በመልካም ሁኔታ ተረክቤያለሁ።»

የክሊራንሱ ቅጂ ዛሬም ከልጄ የልደት ካርድ ጋር ተቀምጧል። ባየሁት ቁጥር ጋሽ ወልዴ ይናፍቁኛል።