ነጩ ገጽ

ሰውዬው በገበያ ቀን ከፎንቆ ይመጣና ሆሳዕና መናኸሪያ አጠገብ ባለው የእልፍነሽ ኮምፒውተር ቤት ጥጉን ይይዛል። ስሙን ጠይቃው አታውቅም። የኮቱ ክርኖች አልቀዋል፤ መነጽሩን ግን በንጹሕ መሐረብ ይወለውላል። የሚሠራበት የሳይንስ ሶፍትዌር የእንሰት በሽታ ከጓሮ ወደ ጓሮ ሲዛመት ምን ያህል ተክል እንደሚተርፍ በመስመር ያሳያል። ከሁሉ በፊት ገጹን ወደ ዳርክ ሞድ ይቀይረዋል።

«ለምን ያጨልሙታል፣ ጋሼ?» አለችው አንድ ቀን።

«ነጩ ዓይኔን ይወጋኛል፣ እህቴ። ሐኪሙ ነርቩ እየሞተ ነው ብሎኛል። የኔ ጓሮ አልቋል፤ የጎረቤቶቼ እንዲተርፍ መላ ልፈልግ ብዬ ነው።»

እየቆየ መስመሩን ቢጫ አደረገው፤ ከዚያም አወፈረው። አፍንጫው ስክሪኑን እስኪነካ ማጎንበስ ጀመረ። በሽታውን ለማቆም የቻለውን መላ ሁሉ በፕሮግራሙ ላይ ቢሞክርም መስመሩ ቁልቁል መውረዱን አልተወም።

በሰኔ እልፍነሽ ፕሮግራሙን እንደ አዲስ ጫነችው። ሰውዬው መጥቶ ወንበሩን በእጁ ዳብሶ ሲቀመጥ ራሷ ከፈተችለት። ገጹ ወደ ነጭነቱ ተመልሶ ኖሮ ፀሐይ እንደመታው ቆርቆሮ ቦግ አለ። ደንግጣ ልታጨልምለት እጇን ዘረጋች። እሱ ግን ዓይኑን እንኳ አላርገበገበም። ነጩ ብርሃን ፊቱ ላይ ፈሰሰ።

«እህቴ» አላት ቀስ ብሎ፣ «መስመሩ ወዴት ነው የሚሄደው?»

መስመሩን በዓይኗ ተከተለችው። «ወደ ታች ነው፣ ጋሼ።»

«እሺ» አለ፣ እጁን ከማውዙ ላይ ሳያነሣ።