አረንጓዴ እንዳይሆን ያደረግኩት እሳት

ይህን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለመስጊድ ወዳጆቼም፣ አብረውኝ ላረጁት የፈረንሳይ ለጋሲዮን ነጋዴዎችም ትንፍሽ አላልኩም። ዕድሜዬን ሙሉ ስሸጥ ስለውጥ ብዙ አውርቻለሁ፤ ስለዚህ ግን አፌን ይዤ ኖርኩ። ባለፈው ሳምንት አንድ ሰው ቤት ውስጥ ተናገርኩት፤ አሁን ደግሞ ለእናንተ እየጻፍኩት ነው።

በደርግ ጊዜ ፈረንሳይ ዳገቱ ላይ አሮጌ ፍሪጅ እየጠገንኩ የምሸጥበት ሱቅ ነበረኝ። ትምህርቴ የመንገድ ነው። ሙያውን የለመድኩት ከአንድ ጣሊያን መካኒክ ሲሆን፣ ሰውየው ወደ አገሩ ሲመለስ ጋዝ የሚፈስበትን ቦታ የምታሳይ መፈተሻውን ለእኔ ትቶልኝ ሄደ። ትንሽ የቡታጋዝ ሲሊንደር ላይ የምትገጠም እሳት ናት፤ ከጎኗ ቀጭን የጎማ ቱቦ አላት። የጎማውን ጫፍ በፍሪጁ ቧንቧ መጋጠሚያዎች ላይ ቀስ እያደረጋችሁ ታስኬዳላችሁ፣ ጎማው አየሩን ወደ እሳቱ ይስባል። የፍሪጅ ጋዝ ካለበት ሰማያዊው ነበልባል አረንጓዴ ይሆናል። ይህ የሚሆነው ግን ነበልባሉ ውስጥ የምትግል አንዲት የመዳብ ቁራጭ ስላለች ነው። እሷን በየጊዜው መፋቅ፣ ስትበላም መቀየር ያስፈልጋል። መዳቧ ከሌለች እሳቱ ምን ያህል ጋዝ ቢስብ ቀለሙን አይለውጥም።

አንድ ጠዋት ደንበኛ ቆሞ እየጠበቀኝ ያቺ መዳብ ተበልታ አለቀች። ቸኩዬ ከዱቄት ወተት ጣሳ ክዳን ቆርጬ ተካሁባት። መዳብ ጠፍቶ ነው እንዳልል ሱቁ የፍሪጅ ጠጋኝ ሱቅ ነው፤ የመዳብ ቱቦ ቁርጥራጭ እግሬ ሥር ወድቋል። ጣሳው ቀረበኝ። ደንበኛው ሰማያዊውን እሳት አየና ደስ ብሎት ፍሪጁን አስጭኖ ሄደ። የሚቀጥለውም እንዲሁ። ያኔ አንድ ነገር ገባኝ፦ አረንጓዴ የማትሆን እሳት ፍሪጅ ትሸጣለች።

ጣሳውን አልቀየርኩትም። ረስቼ ነው? አልረሳሁም። ከፈረንሳይ እስከ ቀበና ያለው አሮጌ ፍሪጅ ሁሉ በእኔ እጅ ጤነኛ ሆነ። የመጣውን በሽተኛ ሁሉ ደህና ነህ ብሎ የሚሸኝ እንደ እኔ ያለ ሐኪም አገሩ አላየም።

ሲስተር የሺ ቀበና ወንዝ አጠገብ በነበረች አንዲት ክሊኒክ የልጆች ክትባት ኃላፊ ነበሩ። ቆፍጣና ሴት ናቸው። አንድ ቀን ሱቄ ድረስ መጡ።

«ሸምሱ፣ ፍሪጄ እየሞቀብኝ ነው። ጋዝ ሳያፈስ አይቀርም፤ ና እየው» አሉኝ።

«እርስዎ ደግሞ መርፌውን ትተው መካኒክ ሆኑ እንዴ?»

«አንተ መካኒክ ከተባልክ እኔን ምን ይከለክለኛል?»

እየሳቅኩ ተከተልኳቸው። እሳቷን ለኩሼ ጎማውን በቧንቧው ላይ አስኬድኩ። ሰማያዊ። እሳቷ ውስጥ ጣሳ መኖሩን የማውቀው እኔ ነኝ፤ መጋጠሚያዎቹን የሳሙና አረፋ ቀብቼ መፈተሽ እችል ነበር። ግን ሰው እያየኝ በሳሙና ከፈተሽኩ መፈተሻዬ ምን ልትባል ነው? «ጋዙ ደህና ነው፤ በሩን ልብ ብለው ይዝጉ» አልኳቸው። ወረቀት ላይም ፈርሜ ወጣሁ።

በሳምንቱ ክትባቱ ሞቆ ተበላሸ። ሲስተር የሺ ከዚያ ለአንድም ልጅ አልሰጡም፤ ሁሉንም አስወግደው ለበላይ አካል ራሳቸው ጻፉ። በዚያ ዘመን ደግሞ የሕዝብ ንብረት በራሱ ጊዜ አይበላሽም፤ የግድ አንድ ሰው ያበላሸዋል። ቀበሌ ስብሰባ ጠራ፣ «አሻጥር» የሚለው ቃል ተነሣ፣ እኔም ባለሙያ ተብዬ ቀረብኩ።

«ጓድ ሸምሱ፣ ፍሪጁ ጋዝ ያፈስ ነበር ወይ?» አሉ ሊቀመንበሩ።

«እሳቴ አልተለወጠችም» አልኩ።

ብልጠቴን ልብ በሉልኝ። ቃል በቃል ከሄድን አልዋሸሁም። እንዲያውም መፈተሻዬን እዚያው ለኩሼ አዳራሽ ሙሉ ሰው ሰማያዊውን ነበልባል እንዲያይ አደረግኩ። ጋዝ ካላፈሰ ጥፋቱ በሩን ክፍት የተወው ሰው ነው ተባለ። ሲስተር የሺ ግን እሳቱን አላዩም፤ የሚያዩት እኔን ነበር። «በሩን ዘግቼዋለሁ» አሉ፣ አንዴ ብቻ። የዚያኑ ዕለት ወሰዷቸው።

የባሰውን ልንገራችሁ። እሳቸው ከታሰሩ በኋላ ክሊኒኩ ፍሪጁን እንደገና እንዳየው ጠራኝ። ብቻዬን ስሆን ሳሙናውን ቀባሁ። ከኋላ በኩል አንዱ መጋጠሚያ ላይ አረፋው አበጠ፣ ፈነዳ፣ ደግሞ አበጠ። በየድኩት፣ ጋዝ ሞላሁት፣ ዝም አልኩ። በማግስቱ ፍሪጁ በረዶ መሥራት ጀመረ። ሰዉ ምን አለ መሰላችሁ? «አያችሁ፣ እሷ ስትወጣ ቀዘቀዘ።» የእኔ ጥገና የእሳቸው ጥፋት ማስረጃ ሆነ። ያን ስሰማ እንኳ አፌን አልከፈትኩም። ፈርቼ ነው ልበል? ፈርቻለሁ፤ በዚያን ጊዜ ያልፈራ ማን ነው። ጣሳውን የቆረጥኩት ግን ማንንም ሳልፈራ ነው።

ሁለት ወር ታስረው ሲፈቱ ከክትባት ሥራው አንሥተው ሩቅ አውራጃ መዝገብ ቤት መደቧቸው። እኔ መፈተሻዬ ውስጥ መዳብ መለስኩ። ያን ጊዜ ለማን ሊጠቅም እንደሆነ አላህ ይወቀው።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ለእናቷ ፍሪጅ ከእኔ ገዛች። ቤታቸው እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት አጠገብ ስለሆነ ራሴ ላስገጥም አብሬ ወጣሁ። በሩ ላይ ቆመው የጠበቁን ሲስተር የሺ ናቸው። ሸብተዋል፤ አስተያየታቸው ግን ያው ነው።

«ሸምሱ ነህ አይደል? ይኼኛውስ አያፈስም?» አሉኝ።

መቀለድ እችል ነበር፤ ዕድሜ ልኬን ያተረፍኩበት ሙያ ነው። ቀልዱ አልመጣልኝም። እዚያው እንደቆምኩ ጣሳውን፣ አረፋውን፣ ዝም ማለቴን፣ ሁሉንም ነገርኳቸው።

ወንበር ስበው ተቀመጡ። ይጮሁብኛል ብዬ ስጠብቅ፣ «ምናልባት ሳልዘጋው ቀርቼ ይሆን እያልኩ ነው የኖርኩት» አሉ። «እስሩን እኮ ረስቼዋለሁ። ይቺን ግን መርሳት አቃተኝ።»

ለካ እኔ በደሌ ብዬ ስቆጥር የኖርኩት እስሩን ብቻ ነበር። እኚያን የመሰለ ጠንቃቃ ሰው በገዛ እጃቸው ላይ እምነት እንዳሳጣኋቸው አላወቅኩም።

ልጃቸውን ጠሩና «ድገምላት» አሉኝ። ደገምኩላት። «ሰማሽ?» አሏትና ሳቁ፤ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ሳቁ። ይቅር ብዬሃለሁ አላሉኝም። ስወጣ በር ድረስ ሸኝተውኝ፣ «አዳራሹ ሙሉ ነበር፣ ሸምሱ። ለእኔ ብቻ ነግረህ አትገላገላትም» አሉኝ።

የእንጦጦን ቁልቁለት ስወርድ ጉልበቴ አልከበደኝም፤ ያን ሌሊትም እንደ ሕፃን ተኛሁ። ይህን ያህል መቅለል አይገባኝም። ግን ነጋዴ ነኝና ያገኘሁትን አልመልስም።

ያን ቀን አዳራሹ ውስጥ የነበራችሁ፣ ወይም ነገሩን ከወላጆቻችሁ የሰማችሁ፣ ቃሌን ለውጫለሁ። ፍሪጁ ጋዝ ያፈስ ነበር። ያን ያየሁትም የደበቅኩትም እኔ ነኝ። ሲስተር የሺ በሩን ዘግተውታል።